ለብርሃነሽ ያልቆመው መኪና

አቶ ደበሌ ዋቆ ያን ሰኞ ጠዋት ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የታክሲ ተራ ብቅ ያሉት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከማኅበራቸው ሚኒባሶች የአንደኛው ፍሬን ያስቸግራል ስለተባሉ፣ መካኒክ ከመጥራታቸው በፊት ራሳቸው ረግጠው ሊያዩት ነበር የመጡት። ሲደርሱ መኪናው ቆሟል፤ ያቆመው ግን ፍሬኑ አልነበረም። አንዲት ወጣት ሴት በዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ተገትራለች። ሾፌሩ ክላክስ ያንባርቃል፤ ከኋላ የተሰለፉት ሚኒባሶችም ይመልሱለታል፤ ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል። እሷ አልተነቃነቀችም።

አቶ ደበሌ በወጣትነታቸው ከሞያሌ ጀምሮ ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ጸጉራቸው መሪ ላይ የሸበተ ሰው ናቸው። አሁን «ማዶ» የተባለው አነስተኛ የትራንስፖርት ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማኅበሩ ዘጠኝ ሚኒባስና ሃያ ስድስት ባጃጅ አለው፤ ከምሥራቅ ሰፈር እስከ ቱላ ይመላለሳል። አቶ ደበሌ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ብዙ በደል የሚሠራው «እኔን አይመለከተኝም» ብለው በሚያልፉ ደህና ሰዎች እጅ ነውና።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«አልነሳም ብላ ነው፣ ጋሼ» አለ ረዳቱ በረከት። «ሞልተን ልንወጣ ስንል መጥታ ተጋረጠች።»

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለች ሴቲቱ። «ይህ አምስተኛው መኪና ነው። አራቱ ጥለውኝ ሄዱ። አምስተኛው አይሄድም።»

«ልጄ፣ ሰው ሥራ ይረፍድበታል። እባክሽ ዞር በይ።»

«እኔም ሥራ ይረፍድብኛል፣ አባቴ። ታቢታ እባላለሁ፤ ቱላ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በዚሁ ምክንያት እያረፈድኩ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ዛሬ ተማሪዎቼ ፈተና አላቸው፤ የፈተናው ወረቀት ያለው ደግሞ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ዊልቸሩ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛላ!» አለ ሾፌሩ ከመሪው ላይ።

«የሁለት ሰው እከፍላለሁ ብያለሁ። ረዳትህን ጠይቀው።»

በረከት መሬት መሬት አየ። «ብላለች» አለ። «ግን እሷ እስክትሳፈር፣ ዊልቸሩ እስኪታጠፍ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ እስኪወጣ ጊዜ ይሄዳል። እርስዎ ራስዎ ‹ከሦስት ደቂቃ በላይ የቆመ ይቀጣል› ብለው የለ?»

ብለዋል። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ፤ እኛን ግን ልቀቂን!» አለ አንድ ተሳፋሪ።

ታቢታ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ታምሜ አይደለም፤ አትጸልይልኝ። መሄድ ነው የፈለግኩት። አንተ ወደ ሥራህ ስትሄድ ሰው ይጸልይልሃል?»

ሰውየው አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። አቶ ደበሌ ሕዝብ ፊት በሴት ልጅ መሞገታቸው አንገበገባቸው። ነገሩ እንዲያልቅ ፈልገው «በረከት፣ ውረድና ጫናት!» አሉ።

«ጫናት?» አለች ታቢታ። ፊቷ ቀላ። «ጆንያ ነኝ? እገባለሁ፤ የምገባው ግን ልጆቹ ስለሚጠብቁኝ ነው። ዛሬ እርስዎ ስለቆሙ በሩ ተከፈተ። ነገ በየጠዋቱ እዚህ ሊቆሙልኝ ነው?»

እንዴት እንደሚይዛት ለበረከት ራሷ ነገረችው። በግራ በኩል ተደግፋ ተነሣች፣ ወንበሩን ይዛ ዞረች፣ ተቀመጠች፤ ዊልቸሩ ታጠፈ፣ ከላይ ታሰረ። አቶ ደበሌ ለነገር ፍለጋ ሰዓታቸውን ይመለከቱ ነበር። ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሴኮንድ። ሦስት እንኳ አልሞላም። ለማንም አልተናገሩም።

ፍሬኑን ለማየት ጋቢና ገብተው አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ ቁጣዋን ለማብረድ ብለው ወደ ኋላ ዞር አሉ። «ልጄ፣ አንድ ቀን ቢያመልጥሽ ሌላ ቀን ይገኛል። ለዚህ ሞት አይመጣም።»

«ወይዘሮ ብርሃነሽን ያውቋቸዋል? አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡትን?»

«ብርሃነሽን? ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ የገዛሁት ከሷ ነው። ዲላ ልጇ ጋ ሄዳለች አሉ።»

«ዲላ አልሄዱም። ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው የተዋወቅነው። ቀኝ እግራቸው ተቆርጦ ቱላ ቤታቸው ተኝተዋል። እግራቸው የተቆረጠው መኪና አጥተው ቀጠሮ ስላለፋቸው ነው። የማን መኪና እንደሆነ ሄደው ይጠይቋቸው።»

አቶ ደበሌ «ቤቷ የት ነው?» አሉ፤ ታቢታ ነገረቻቸው። ታቢታን ትምህርት ቤቷ በር ላይ አወረዷት። ፍሬኑን ረስተውታል።

*

የወይዘሮ ብርሃነሽ ቤት ከእንሰት ተክሉ ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። አቶ ደበሌ የገቡት «እንዲያው የልጅ ወሬ ነው» የሚል ቃል ለመስማት ተመኝተው ነበር። ወይዘሮ ብርሃነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀሚሳቸው በቀኝ በኩል ከጉልበት በታች ባዶ ነው።

«ብርሃነሽ፣ እኔ እኮ ዲላ ሄደሻል ሲሉኝ…»

«ማን አለህ?»

«ሰው።»

«ሰው ብዙ ይላል። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስሉት የቆዩት ነገር ስለነበር ለመጀመር አልተቸገሩም።

«ስኳር አለብኝ፤ ታውቃለህ። የእግሬ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ሐኪሙ ‹በየሁለት ቀኑ እየመጣሽ ትጠረግ› አለኝ። መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ኋላ ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ረዳቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ‹ሞልቷል› ይሉኛል፤ ባዶውን ወንበር እያየሁት። ባጃጆቹ ‹ኮንትራት ካልሆነ› አሉ። ሁለት ጊዜ ያለኝን ሰጠሁ፤ ሦስተኛውን ከየት ላምጣ? በእግሬ ልሞክር ብዬ ወጣሁ፤ ባሰበት። አራት ቀጠሮ አለፈኝ፣ ደበሌ። በስተመጨረሻ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሰኝ። ሐኪሙ ‹እስካሁን የት ነበርሽ?› ሲለኝ ‹መንገድ ላይ› አልኩት።»

«የእኔ መኪኖች ነበሩ?»

«በራቸው ላይ ‹ማዶ› የሚል ተጽፏል። ባላነበው ደስ ባለኝ።» ወይዘሮ ብርሃነሽ ትንሽ አረፉ። «አንድ ቀን አንተም ነበርክ።»

«እኔ?»

«ጋቢና ተቀምጠህ። ነጠላዬን ተከናንቤ በምርኩዝ ቆሜ እጄን አነሣሁ። ሾፌሩ ሊቆምልኝ ቀዝቀዝ አደረገ። አንተ እጅህን ወደ ፊት ዘረጋህ፤ እንዲህ።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ፤ ዝንብ እንደማባረር ያለች ቀላል ምልክት ነበረች። «ሄዳችሁ።»

አቶ ደበሌ ያን ቀን ለማስታወስ ደከሙ። በምርኩዝ የቆመች ሴት፣ ነጠላ፣ ፍጥነቱን የቀነሰ ሾፌር፤ ምንም አልመጣላቸውም። ቢያስታውሱት ይሻላቸው ነበር። ሰው የገደለውን ሊያስታውስ ይችላል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ምን ያህል ጊዜ ዘርግተው፣ ስንቱን ጥለው እንደሄዱ ቆጥረውት አያውቁም።

«ይቅር በይኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ይቅርታህን ሰምቻለሁ። እግሬ ግን አልሰማህም።» የወይዘሮ ብርሃነሽ ድምፅ አልለሰለሰም። «አሁን ደግሞ ሐኪሞቹ በግራ እግሬ ጣት ላይ የጠቆረ ነገር አይተዋል። ረቡዕ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። እንባህን ተወውና በምን እንደምሄድ ንገረኝ።»

«እኔ ራሴ እወስድሻለሁ።»

«የዚህን ረቡዕ። የሚቀጥለውንስ?»

ታቢታ የጠየቀቻቸው ጥያቄ ነበር። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በልጅ ዕድሜ አንዷ በእናት ዕድሜ፣ በአንድ ጠዋት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠይቁ መልስ ያጣ ሰው ምን ይሆናል? ይቆጣል። አቶ ደበሌ ከቤቱ ሲወጡ በበረከት ተቆጡ፣ በሾፌሮቹ ተቆጡ፣ በራሳቸው ተቆጡ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ሁሉ በራሳቸው ላይ ባመጣችው አስተማሪ ተቆጡ። ሰው ያቆሰለውን ትቶ ቁስሉን ያሳየውን መጣላት ይቀለዋልና፣ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ።

*

ታቢታ ፈተናውን ጨርሳ ከግቢው ዋርካ ሥር የተማሪዎቿን ወረቀት ታርማለች። አቶ ደበሌ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ጀመሩ።

«አየኋት! ደስ አለሽ? አሁን ምን አድርግ ነው የምትይኝ? እኔ መንግሥት አይደለሁም። ዘጠኝ ሚኒባስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ እነሱም የእኔ አይደሉም፣ የአባላቱ ናቸው። ለየበሽተኛው በየደጁ መኪና ልላክ?»

«ደህና ዋሉ፣ አቶ ደበሌ» አለች ታቢታ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «ይቀመጡ። አዎ፤ በየደጁ ይላኩ ነው የምለው።»

«ይህማ እብደት ነው! ሰው ወደ መኪና ይመጣል እንጂ መኪና ወደ ሰው ሲሄድ የት አይተሻል?»

«ሀብታም ቤት። የግል መኪና ማለት ወደ ሰው የሚሄድ መኪና ነው። መራመድ የሚችለው ከደጁ ሲሳፈር እሰይ ተባለ፤ መራመድ የማይችለው ግን አስፋልት ድረስ ይራመድ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህ ሒሳብ አልወጣልኝም።»

አቶ ደበሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እሺ። ስንት ሰው ነው? ከተማው ሙሉ አካል ጉዳተኛና አሮጊት ነው። የቱን አንሥቼ የቱን እጥላለሁ?»

«ከተማውን ተዉት። ተማሪዎቼን የየሰፈራቸውን ሰው እንዲጠይቁ አድርጌ ነበር። እናንተ በምትሠሩበት መስመር ብቻ ስልሳ አንድ ሰው አገኙ። ማየት የተሳናቸው አሉ፤ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ አሉ፤ እንደኔ በዊልቸር የሚሄዱ አሉ፤ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች አሉ። ሁሉም በየቀኑ አይወጣም። ቢበዛ በቀን አሥራ ሁለት ሰው ነው። ለአሥራ ሁለት ሰው ዘጠኝ ሚኒባስ ያንሳል?»

«ለአሥራ ሁለት ብዬ ሌላው ሺህ ይቁም? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።»

«የብብትዎን ማንም አልነካም። ባጃጆቻችሁ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል የት ናቸው? እኔ ልንገርዎ፤ ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ። ከሰዓትም ከስምንት እስከ አሥር እንዲሁ ነው። የሆስፒታል ቀጠሮ ደግሞ አብዛኛው በዚያው ሰዓት ነው። የቆመውን አንቀሳቅሱት ነው የምልዎ።»

አቶ ደበሌ የሥራ ሰው ናቸው። የባጃጆቹ መቆም እውነት መሆኑን ስለሚያውቁ ቁጣቸው ሳይበርድ ሐሳባቸው ግን ወደ ሥራው ገባ።

«ተራስ? አንድ ሾፌር ተራ ይዞ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ተራውን ጥሎ አንድ አሮጊት ሊያደርስ ቢሄድ፣ ሲመለስ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ማን እሺ ይላል?»

«አይሰለፍማ። ማኅበሩ የላከው ሾፌር ሲመለስ ተራው የእሱ ነው፤ ከፊት ይገባል። ተራ አስከባሪው ስሙን ይዞ ይጠብቅለታል። ያኔ ‹እኔን ላኩኝ› ብለው የሚጣሉ አይመስልዎትም?»

አቶ ደበሌ ሳይወዱ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ያዙት። «በምን ይገናኛሉ? አሁን ‹አፕ› የሚሉት ነገር አለ። ብርሃነሽ አፕ ታውቃለች?»

«አፕ የከተማ ወሬ ነው። ብርሃነሽ ስልክ መደወል ያውቃሉ። አንድ ቁጥር ይኑራችሁ። ሰው ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ‹ነገ በአራት ሰዓት ሆስፒታል› ይላል። ስልኩን የሚያነሣው የት የት እንደሚሄዱ ያቀናጃል፤ በአንድ ሰፈር ሦስት ሰው ካለ ሦስቱን በአንድ ባጃጅ። ሰይፈሚካኤል የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ማየት የተሳነው ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት አሥር ዓመት ስልክ ኦፕሬተር ነበር። የእያንዳንዱን ደዋይ ድምፅ ይለያል። አሁን ሥራ የለውም።»

«ዊልቸርሽስ? ባጃጅ አይገባም።»

«ለዚያ ከሚኒባሶቹ አንዱን አዘጋጁ። የኋላ ወንበሩ ይነሣ፤ በያጅ የሚታጠፍ መወጣጫ ይሥራ፤ ዊልቸር የሚታሰርበት ቀበቶ ይግባ። ለእንደኔ ያለ ሠራተኛና ተማሪ በታወቀ ሰዓት በየጠዋቱ ይውጣ። ቀን ላይ ደግሞ በስልክ ይታዘዝ። ባዶ ወንበር ሲኖረው ሌላ ሰው ይጫንበት፤ ባዶውን ይሂድ አላልኩም።»

«ሁሉንም አስበሻል» አሉ አቶ ደበሌ በምሬት። «የነዳጁንስ? ሾፌሩ እስከ ደጅ ገብቶ ሲወጣ የታሪፉ ክፍያ አይሸፍነውም። በጎ አድራጎት ጥሩ ነው፤ ግን…»

ታቢታ ከዚህ በላይ አልታገሠችም። «በጎ አድራጎት የሚለውን ቃል እንዳይደግሙት! እኔ ከማንም ችሮታ አልጠየቅሁም። ታሪፌን እከፍላለሁ፤ ግብር እከፍላለሁ፤ የእናንተን ሾፌሮች ልጆች አስተምራለሁ። የጎደለውን ከየት እንሙላ ካሉኝ ግን መልስ አለኝ። እዚህ አገር እድር የሌለው ሰው የለም። እድሩ ሰው ሲሞት አውቶቡስ ተከራይቶ መቃብር ያደርሳል። ብርሃነሽ ቢሞቱ ኖሮ ሁለት አውቶቡስ ይከተላቸው ነበር! በሕይወት ሳሉ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው አንድ ባጃጅ ግን ጠፋ። ለሬሳ የምናዋጣውን ለሕያው ማዋጣት ነውር ነው?»

አቶ ደበሌ ራሳቸው የእድር ዳኛ ናቸው። ያለፈው ዓመት ብቻ ለስንት ቀብር መኪና እንዳዘዙ በዓይናቸው መጣባቸው፤ አንዱም አልዘገየም ነበር።

«አብያተ ክርስቲያናቱም መስጊዱም እሑድና ዓርብ የሚቀሩባቸው አረጋውያን አሏቸው፤ ያግዛሉ» አለች ታቢታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሆስፒታሉን ብትጠይቁ የአንድ ሰፈር ሰዎችን ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ያደርግላችኋል። ማዘጋጃ ቤቱንም ትጠይቃላችሁ፤ ግን እሱን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። እናንተ ትንሽ ስለሆናችሁ ነው ይህን የምትችሉት። ትልቅ ድርጅት የብርሃነሽን ቤት አያውቀውም። የእናንተ ሾፌር ግን የትኛው እንሰት ጀርባ እንደሆነ ያውቃል።»

«ሾፌሮቹ ግን ጠባያቸው…»

«ጠባያቸው የእርስዎ ሕግ ነው። ለፈጠነ ምስጋና፣ ለቆመ ቅጣት ሰጡ፤ እንደዚያው ሆኑ። ለቆመ ምስጋና ይስጡና ይዩአቸው።»

ነገሩ እዚህ ላይ አቶ ደበሌን ያዛቸው። በረከት የተናገረው ያ የሦስት ደቂቃ ሕግ የእሳቸው መሆኑን ጠዋት ሰምተውታል፤ አሁን ግን ገባቸው። አፍንጫውን የያዘው ረዳት፣ ባዶ ወንበር ይዞ «ሞልቷል» ያለው ረዳት፣ የሚፈራው እሳቸውን ነበር።

«ቅዳሜ ስብሰባ አለን» አሉ ተነሥተው። «ትመጫለሽ?»

«መኪና ከላኩልኝ» አለች።

*

ረቡዕ ጠዋት አቶ ደበሌ ራሳቸው ነድተው ወይዘሮ ብርሃነሽን ሆስፒታል አደረሱ፤ ሐኪሞቹ የጠቆረውን ጣት በጊዜው አዩት። ቅዳሜ ደግሞ የማኅበሩ አባላት በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ሐሳቡ እንደተነገረ ከሁሉ ቀድመው የተነሡት የሦስት ባጃጅ ባለቤት አቶ አብዱልሃሚድ ነበሩ፤ ነጋዴ ናቸው፣ ቃላቸውም ይከበራል።

«ሊቀ መንበር፣ ልብዎ ተነክቷል፤ ገብቶናል» አሉ በትሕትና። «ነገር ግን ማኅበር በልብ አይተዳደርም። እኛ ዕለት ዕለት የምንበላው ከዚህ ነው። ዛሬ ሕመምተኛ እናንሣ፣ ነገ አዛውንት እናንሣ፤ ተሳፋሪው ሰልችቶት ወደ ሌላ ማኅበር ቢሄድ ተጠያቂው ማን ነው?»

አዳራሹ «እውነት ነው» እያለ አጉረመረመ። አቶ ደበሌ ተነሡ። ያሰቡት ረጋ ብለው ሊያስረዱ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ተጠያቂው ማን ነው አልክ፣ አብዱልሃሚድ? ልንገርህ። የብርሃነሽን እግር የቆረጠው ማን ነው? ሐኪሙ አይደለም! ‹ማዶ› የቆረጠው! እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ይህችን እጄን ዘርግቼ ‹እንሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሚገርመው አላስታውሰውም! ከእናንተ ውስጥ ስንት ሰው ጥሎ እንዳለፈ የሚያስታውስ አለ? እጁን ያውጣ!»

ማንም አላወጣም።

«የሰው ማመላለሻ ብለን ፈቃድ አወጣን። ፈቃዱ ላይ ‹የሚሮጥ ሰው ማመላለሻ› ይላል? ነገ እኔም አንተም እንደክማለን። ያን ጊዜ በየመንገዱ ዳር ቆመን የገዛ መኪናችን አቧራ ሲያለብሰን ይታያችኋል?»

ታቢታ ከበሩ አጠገብ ሆና ሁሉንም ታያለች። ከዚያ አቶ አብዱልሃሚድ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አልተቆጡም፤ እያሰቡ ነበር።

«የእኔ ባጃጆች ከሦስት ሰዓት በኋላ ይቆማሉ» አሉ ቀስ ብለው። «የሄደው ሾፌር ሲመለስ ተራው ከፊት ነው ብላችኋል?»

«ከፊት ነው» አለች ታቢታ።

«በስልክ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተያዘም ባዶ አይሄድም።»

«አይሄድም።»

«እናቴ ዓርብ ዓርብ መስጊድ መሄድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው» አሉ አቶ አብዱልሃሚድ፤ ይህን ሲናገሩ ማንንም አላዩም። «ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ እኔም ሱቅ ነኝ። ሦስት ባጃጅ እያለኝ ስለ እሳቸው አስቤው አላውቅም። ለሦስት ወር እንሞክረው። ካልሆነ እንተወዋለን።»

በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ሰባት ሰው ብቻ ተቃወመ።

አጀማመሩ ያማረ አልነበረም፤ ያማረ ነበር ብሎ መናገር አንባቢን ማታለል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዝናብ ወርዶ የቱላ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ባጃጅ ዋጠ። በያጁ የሠራው መወጣጫ ቁልቁለቱ በዝቶ አንድ አዛውንት ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ፤ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። አንዲት ጤነኛ ወይዘሮ የገበያ ዕቃቸውን በቀጠሮ መኪና ሊያጓጉዙ ደውለው ሰይፈሚካኤል በድምፃቸው ለይቶ መለሳቸው። አንዱ ሾፌር አንድ ዓይነ ስውር ሳይጠይቅ ክንዱን ይዞ ጎትቶ ስድብ ጠጣ። ታቢታም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሾፌሮቹን አስቀምጣ «መጀመሪያ ጠይቁ፣ ኋላ ያዙ» የሚለውን እስኪሰለቻቸው ደገመችላቸው።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ግን «እንተወው» ያለ አልተገኘም። የቱላና የምሥራቅ ሕመምተኞች ቀጠሮ ማሳለፋቸው እየቀረ መጣ። ጥላ ሥር ይውሉ የነበሩ ባጃጆች ሥራ አገኙ። እድሮቹ ለሕያዋን መንገድ የሚሆን መዋጮ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ያጉረመረሙት አዛውንቶች ኋላ ዋና ደዋዮች ሆኑ። ነፍሰ ጡሮች በቃሬዛ መሄዳቸው ቀረ። ረዳቶች መንገድ ዳር እጁን ያነሣ ሰው ሲያዩ ማቆምን ለመዱ። በረከትም የሦስት ደቂቃው ሕግ ከተሻረ ወዲህ ከሁሉም ረዳቶች ይልቅ የሚመሰገን ሆነ፤ ጥፋቱ ከልጁ ሳይሆን ከሕጉ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። የአቶ አብዱልሃሚድ እናት ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ደጅ ይወርዳሉ። የወይዘሮ ብርሃነሽ ግራ እግር ተርፏል፤ እሳቸው ግን አቶ ደበሌን እስካሁን «ይቅር ብዬሃለሁ» አላሏቸውም፤ አቶ ደበሌም አልጠየቁም።

ከዚህ ታሪክ መማር የሚሻ ሰው ይህን ይያዝ፦ ለደካማው መንገድ ለመሥራት ትልቅ ሀብትና ትልቅ ድርጅት እስኪመጣ መጠበቅ ሰበብ ነው። አንድ ስልክ፣ የሚያነሣው አንድ ታማኝ ሰው፣ ያለ ሥራ የቆመ መኪና፣ ተራውን የማይቀማ ሕግ፣ ቤቱን የሚያውቅ ሾፌር፤ ይህ በየሰፈሩ አለ። የጎደለው ይህን አንድ ላይ የሚያስር ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ ደግሞ አንዳንዴ ከደግነት አይመጣም፤ ከቁጣ ይመጣል። የተበደለ ሰው ቁጣ ሲሰሙት ሕግ ይሆናል፤ ሳይሰሙት ሲቀሩ ሰው አካል ጎድሎ ይቀራል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በአቶ ደበሌ ቢሮ ስልክ ጮኸ። ሰይፈሚካኤል ሌላ መስመር ይዞ ስለነበር እሳቸው አነሡት።

«ሰባት ደቂቃ!» አለ ድምፁ ያለ ሰላምታ። «ሰባት ደቂቃ ሙሉ መኪናው ዘገየ! ይህ ነው አገልግሎት?»

«ታቢታ ነሽ?»

«ታቢታ ነኝ። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል። ያለፈው ሳምንትም ዓርብ አራት ደቂቃ ዘግይቷል፤ ጽፌዋለሁ። ማመልከቻ አስገባለሁ።»

አቶ ደበሌ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አዩ። በልባቸው የሆነውን ራሳቸውም በቅጡ አልተረዱትም፤ ተቆጥተውም ነበር፣ ደስም ብሏቸው ነበር። ሰው የሚያማርረው የራሱ በሆነ ነገር ላይ ነው።

«አስገቢ፣ ልጄ» አሉ። «ማመልከቻሽን አስገቢ። ሾፌሩን ግን አሁኑኑ ልጥራውና ልጩህበት።»